የስድስተኛ ሳምንት ቀጠሮ

የግሌንዳ ባል ዴሪክ ያን ዕለት ጠዋት የሳቀው ሳቅ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ተሰማ። ባልና ሚስቱ ለሁለት አንድ ስልክ ነው ያላቸው፤ እሱም ቢሆን ከዴሪክ ኪስ አይወጣም። መልእክት ሲመጣ ከፍቶ የሚያነበው እሱ ነው፤ «ምን ይላል?» ብላ የምትጠይቀው ደግሞ እሷ ናት። የዚያን ዕለቱ መልእክት የመጣው ከጤና ጣቢያቸው ነበር።

«ስሚ፣ ስሚ ግሌን!» አላት መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ። «‹እንኳን በሰላም ተገላገሉ። ለእርስዎና ለሕፃኑ የስድስተኛ ሳምንት ምርመራ ቀጠሮ ለመያዝ ይደውሉልን።› አንቺ ሴትዮ፣ መቼ ነው የወለድሽው? እኔ ለቢራ የወጣሁ ጊዜ ነው?»

ግሌንዳ ዳቦ ላይ ቅቤ ትቀባ ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት፤ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ካስጠላው ቆይቷል።

«የማንን መልእክት ነው ወደ እኛ የላኩት?» አለች።

«ስምሽ ተጽፎበታል እኮ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ይኼን ለክላይቭ ሳላሳይማ አላድርም።»

እሷም ሳቀች። ሳይዘጋጅ የተያዘ ሰው ከመሳቅ ሌላ ምን ያደርጋል? ከዚያ የቅቤውን ዕቃ ሳትከድን ፎቅ ወጣች፤ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆለፈችና ቧንቧውን ከፍታ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ያላት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የመጀመሪያው ማሽን ሆነ፤ ያውም በባሏ አፍ ተነቦላት። ማሽኑ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም።

ግሌንዳ ወልዳለች። የወለደችው ዴሪክን ሳታውቀው፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የልጁ አባት አሳ በጢስ የሚያደርቁበት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ጎረምሳ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ ብሎ አውስትራሊያ ገባ። የግሌንዳ አባት ደግሞ ዕድሜውን በአሳ አጥማጅ መርከብ ላይ የፈጀ፣ በእንግሊዝ አገር በግሪምስቢ ወደብ ቆቡን አንስቶ ሰላም የማይለው ሰው ያልነበረ ኩሩ ነው። ሆዷ ሳይታወቅ ወስዶ፣ እንደ እሷ ያሉትን ልጃገረዶች ሸሽገው ለሚያዋልዱ ሴቶች አስረከባት። ለጎረቤት «አክስቷ ታማባት ልታስታምም ሄዳለች» ተባለ። ልጃገረዶቹ እስኪወልዱ አንሶላ ያጥባሉ፤ ከወለዱ በኋላ ልጁን ስድስት ሳምንት ያጠባሉ። በስድስተኛው ሳምንት ንጹሕ መኪና ይመጣል፤ ከመኪናው ንጹሕ ባልና ሚስት ይወርዱና ሕፃኑን ታቅፈው ይሄዳሉ።

የግሪምስቢ ሰው ባሕር የሚገባን ሰው እጁን እያወዛወዘ አይሸኝም። እጅ ማወዛወዝ ማዕበል መጥራት ነው፤ እንዲያ የተሸኘ ሰው አይመለስም ይላሉ። ግሌንዳ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው፤ እናቷ ባሏን ስትሸኝ ሁለት እጇን ሽርጧ ሥር ትደብቅ ነበር። ያን ቀን ግን መኪናው ከግቢ ሲወጣ የግሌንዳ እጅ ራሱን ችሎ ተነሣ። መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ መኪናው ከአጥሩ ጀርባ እስኪሰወር አወዛወዘች። ካረጀች በኋላ እንኳ «ይኼ የባልቴት ወሬ ነው» እያለች ራሷን ብትቆጣም፣ ልጁ ሳይፈልጋት የቀረው በዚያ እጇ ይመስላታል። ሕጉ ተቀይሮ በጉዲፈቻ የተሰጡ ልጆች የወለዷቸውን እናቶች መፈለግ የተፈቀደላቸው ጊዜ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጣ ትከፍት ነበር። የሚያንኳኳው ግን ሁልጊዜ ቆጣሪ አንባቢው ነው።

አባቷ ወደ ቤት ሲመልሳት መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ቃል አስገባት። ለማንም፣ መቼም፣ ለምታገባው ሰው እንኳ አትናገሪም አላት። እሺ አለች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ይህን ተረት ያወጣው ሰው ግን ልጅ ጠፍቶበት አያውቅም። ግሌንዳ የወለደችውም ጠፋባት፣ የተናገረችውንም ጠበቀች። አባቷ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ቃሉ ግን አብሮት አልተቀበረም።

ቃሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ቀን ታፈርሰው ነበር። አፏን የቆለፈው ሌላው ነገር የዴሪክ ደግነት ነው። ተጋብተው ዓመታት ሲያልፉ ልጅ አልመጣም። ሐኪሙ ሁለታችሁም ተመርመሩ ቢላቸው ዴሪክ «ኧረ ተወን፣ እንደ መርከብ ሞተር ልንፈታታ ነው?» ብሎ ቀለደ፤ እሷም እፎይ አለች፤ የሚመረምራት ሐኪም መውለዷን ያውቅባታል ብላ ፈርታ ነበርና። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የሰፈሩ መጠጥ ክለብ ውስጥ አንዲት የሰከረች ሴት «ግሌንዳ፣ አንቺ መቼ ነው የምታሳዪን? ወይስ ምድጃው አይነድም?» አለቻት። ዴሪክ ብድግ አለና ወንበር ላይ ወጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው!» አለ፣ ቤቱ በሙሉ እየሰማው። «በአሥራ አምስት ዓመቴ ጆሮ ደግፍ ያዘኝ። ጆሮዬን ትቶ ወደ ታች ወረደላችሁ! ድንች አክሎ ነበር፣ ድንች! ከዚያ ወዲህ የኔ ዕቃ ጡረታ ላይ ነው።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴሪክ የክለቡ መሳለቂያ ሆነ፤ ግሌንዳን ግን ማንም ዳግመኛ ምንም አላላትም። ወደ ቤት ሲሄዱ «እውነትህን ነው?» ብትለው፣ «ጆሮ ደግፉ እንኳ እውነት ነው፤ የቀረውን ማን ያውቃል። በአንቺ ከሚስቁ በኔ ይሳቁ» አላት። ችግሩ የእሷ ነው ብሎ በልቡ እንዳመነ፣ በእሷ ፈንታ ራሱን ለሳቅ እንደሰጠ ገባት። ያን ሌሊት ከመቼውም ይልቅ ወደደችው። በዚያው ልክ ደግሞ አፏ ለዘለዓለም ተዘጋ፤ «እኔ ወልጄ አውቃለሁ» ብትለው፣ ለፍቅሯ ሲል የዋሸው ውሸት እውነት ሆኖ ሊያርፍበት ነው። ሆድ ካገር ይሰፋል፤ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው።

ታዲያ ነገሩ ከጤና ጣቢያው መዝገብ እንዴት ገባ? የድሮው ሐኪማቸው ጡረታ ወጥቶ ወደ አዲስ ጤና ጣቢያ ሲዛወሩ፣ አንዲት ነርስ የደም ግፊቷን እየለካች ጠየቀቻት። ዴሪክ ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቃት ነበር። ነርሷ ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ፣ ስኳር አለብሽ ወይ ባለችበት ድምፅ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት፣ «ስንት ጊዜ አርግዘው ያውቃሉ?» አለች።

«አንድ ጊዜ» አለ የግሌንዳ አፍ።

«ተወለደ?»

«ተወለደ።»

ነርሷ ቁልፉን ቀጭ ቀጭ አደረገችና ወደ ኮሌስትሮል አለፈች። ግሌንዳ ስትወጣ እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። ተናግራው ጣሪያው አልወረደባትም! ነርሷ ግን የወሊዱን ቀን መሙላት ረስታለች፤ ማሽኑ እንዲያ ሲሆን የዕለቱን ቀን ራሱ ይሞላል። ግሌንዳ በመዝገቡ መሠረት ያን ዕለት ወለደች። ስድስት ሳምንት ቆጥሮም ማሽኑ ቀጠሮ ላከላት።

ዓርብ ማታ ዴሪክ ከግሌንዳ ጋር ክለብ ገብቶ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ አዞረው። እዚያ አገር ሰው ሲወለድለት ወዳጆቹ «የሕፃኑን ራስ እናርስ» ብለው ቢራ ይጋብዙታል። ክላይቭ፣ የዴሪክ የድሮ የመርከብ ባልደረባ፣ ቲማቲም የመሰለ አፍንጫውን አስቀድሞ መጣ።

«አባትየው! እንኳን ደስ ያለህ! በል ራሱን እናርሰው!» አለና ብርጭቆውን አስቀመጠለት። «ግሌንዳ፣ ማንን ነው የሚመስለው? እውነቱን ተናገሪ። ዴሪክን ካልመሰለ ፖስተኛውን ነው የምንይዘው!»

«እኔንማ እንዴት ይመስላል!» አለ ዴሪክ። «የኔ ዕቃ እኮ ገና በጆሮ ደግፍ ዘመን ነው የጡረታ ደብተሩን የወሰደው!»

ቤቱ ተንጫጫ። «ለሕፃኑ!» አለ ክላይቭ። «ለሕፃኑ!» አለ ሰው ሁሉ፣ ብርጭቆውን እያነሣ። ግሌንዳም አነሣች። የልጇን ራስ ሰው ሲያርስለት አይታ አታውቅም ነበር፤ በቀልድም ቢሆን ያ ሁሉ ሰው ስለ ልጇ ሲጠጣ አንጀቷ ራሰ። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። ሌላ ብርጭቆ ሲያቀርቡላት እምቢ አላለችም።

ሰኞ ብቻዋን ጤና ጣቢያው ሄደች። ሄዳ፣ ወሊዱን ከመዝገብ አስፍቃ፣ ነገሩን ልትጨርስ ነበር ሐሳቧ። መዝገብ የምትይዘው ታምሲን የምትባል ልጅ ናት፤ ጉንፋን ይዟት በየሁለት ቃሉ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ውይ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ!» አለች። «አይቀየሙኝ እትዬ ግሌንዳ፣ መጀመሪያ ስቄ ነው የደነገጥኩት። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። እኔም ልደውልልዎ ነበር።»

«ስለ መልእክቱ?»

«ከመልእክቱ ሌላ ነገርም አለ። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ከየጤና ጣቢያው መዝገብ ያረገዙትን ሴቶች እየለቀሙ ያወጣሉ። ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚደርሳቸው፤ ማን እንደሆኑ አያውቁም። እርጉዝ ላይ መድኃኒት አይሞከርማ! ስለዚህ የትኛው እንደሚጎዳ፣ የትኛው እንደማይጎዳ ካለፈው መዝገብ ነው የሚያጠኑት።»

«ማርገዟን ታዲያ በምን ያውቃሉ?»

«ምልክት ይለቅማሉ። የሽንት ምርመራው፣ አዋላጇ ጋ የሄደችበት ቀን፣ ወሊዱ። ያን ገጣጥመው ‹እዚህ ጀመረ፣ እዚህ አለቀ› ይላሉ። የእርስዎ ግን መጨረሻ ብቻ ነው ያለው፤ መጀመሪያ የለውም። ዕድሜዎም… እንግዲህ እርስዎ ያውቁታል።» ታምሲን አፍንጫዋን ጠረገች። «ስለዚህ ‹ይኼ እውነት ነው ስህተት?› ብለው መለሱልን።»

«ስህተት ነው ካላችኋቸውስ?»

«ይጥሉታል።»

ግሌንዳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። የልጅቷ ማሽን ገልብጦ ነው የያዘው፤ እሷ መጀመሪያውን አሳምራ ታውቃለች፣ የማታውቀው መጨረሻውን ነው። ይሙት ይኑር፣ አግብቶ ይሁን ፈትቶ፣ በዚያው ከተማ ይሁን በሌላ አገር፣ የምታውቀው የለም።

«ላየው እችላለሁ?» አለች።

ታምሲን ስክሪኑን አዞረችላት። ከላይ የግሌንዳ ሙሉ ስም አለ። ከሥሩ፣ ከጉልበቷ ሕመምና ከደም ግፊቷ መካከል፣ «ወሊድ፤ በሕይወት የተወለደ» ይላል። የእሷ ስምና የእሱ መወለድ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ካየች ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ ያን ጊዜም ፈርማ ስታበቃ ወረቀቱን ከፊቷ ነጠቋት። አሁን ማንም አልነጠቃትም። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«እንግዲህ ልሰርዘው አይደል?» አለች ታምሲን፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ።

ግሌንዳ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። አዎ ብትል ማንም ሳያውቅ ያልቃል፤ ዴሪክም በውሸቱ እንደኮራ ይኖራል። ቃሉ ግን አልወጣ አላት። አንድ ጊዜ ሰጥታዋለች፤ ሁለተኛ እንዴት ትስጠው?

«ዛሬ ቸኩያለሁ» አለች። «አሳ ልገዛ ነው የወጣሁት።»

«እሺ፣ ሐሙስ ጠዋት እደውልልዎታለሁ። ዕለቱን ለሰዎቹ መልስ መስጠት አለብኝ። እርስዎ ‹ስህተት ነው› ይበሉኝ እንጂ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ዴሪክ ከክላይቭ ጋር ኳስ ሊያንከባልል ሣሩ ሜዳ ይሄዳል። ግሌንዳ የተማመነችው በዚያ ነበር፤ ስልኩን እንዲተውላት ምክንያቱን ሁሉ አዘጋጅታለች። ሐሙስ ግን ዝናቡ ከሃምበር ወንዝ በኩል በአግድም መጣ። ዴሪክ ጫማውን አውልቆ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠና የፈረስ ውድድር ከፈተ። ስልኩ የጮኸው በሁለተኛው ውድድር መሐል ነው። የመርከቡ ሞተር ክፍል ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው ዴሪክ ስልክ የሚያነሣው ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ለቆ ነው።

«ሃሎ! ጤና ጣቢያ ነው? እኔ ባሏ ነኝ፣ የሕፃኑ አባት! ልጁ ደህና ነው፣ ሌሊት ትንሽ ያስቸግራል እንጂ!»

ታምሲን ሳቋ አመለጣትና በጉንፋኗ አሳበበች። ከዚያ ግሌንዳ እንድትቀርብ ጠየቀች፤ የትውልድ ቀኗን አስነግራ ማንነቷን አረጋገጠች። «እትዬ ግሌንዳ፣ አሁን ለመነጋገር ይመችዎታል? ወይስ ብቻዎን ሲሆኑ ልደውል?»

«ብቻዋን ለምን?» አለ ዴሪክ። «እኛ ቤት ምስጢር የለም፣ የኔ ልጅ። ተናገሪ።»

ግሌንዳ «ቆይተሽ ደውዪ» ማለት ትችል ነበር። ባሏን አየችው፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፣ ፊቱ በቀልድ በርቷል። አርባ ምናምን ዓመት ያንን ፊት አይታ ዝም ብላለች።

«ቀጥዪ» አለች።

«ያው እንደነገርኩዎት ነው። ወሊዱ በስህተት የገባ ነው አይደል? አዎ ካሉኝ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ፤ መልእክቱም ዳግመኛ አይመጣብዎትም።»

«በይ ንገሪያት!» አለ ዴሪክ ጭኑን እየመታ። «ንገሪያትና ልጃችንን ይሰርዙልን!»

«አትሰርዢው» አለች ግሌንዳ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም?»

«አትሰርዢው አልኩሽ። ስህተቱ ቀኑ ነው። ቀኑን አስተካክዪው።»

ዴሪክ ገና ፈገግ እንዳለ ነው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ውረድ ያለው የለም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ፈረሶቹ ይሮጣሉ። ታምሲን ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ቀኑን ይንገሩኝ እትዬ ግሌንዳ።»

«ማርች ዘጠኝ። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ።»

ቁልፎቹ ቀስ ብለው ተሰሙ። «ገብቷል። ለሰዎቹ እውነት ነው ብዬ እመልስላቸዋለሁ» አለች ታምሲን። «አመሰግናለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ዴሪክ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ቆሞ ቀረ።

«ሰባ አንድ» አለ። «እኔን ሳታውቂኝ።»

«ሳላውቅህ።»

«ሞተ?»

«በስድስተኛ ሳምንቱ ለሰው ሰጡት። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። አባቴ ቃል አስገብቶኝ ነው።»

ዴሪክ ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው መስሎ። ሌላው ነገር ገና አልደረሰበትም ነበር። ሲደርስበት ግሌንዳ አየችው፤ እጁ ሳያውቀው ወደ ጆሮው ሥር ሄደ፣ ወደ መንጋጋው።

«እንግዲያው እኔ ነበርኩ» አለ።

ግሌንዳ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ያን ሁሉ ዘመን ስዋሽ እውነቴን ነበር! ወንበር ላይ ወጥቼ! አንቺ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር። ክላይቭ በሳቀብኝ ቁጥር ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለች። «እንዴት ብዬ ልንገርህ? አንተ ለኔ ብለህ ነው የዋሸኸው።»

ጫማውን ሳያስር በዝናብ ወጣ። የግሪምስቢ ወንድ ሲከፋው ወይ ባሕር ይወጣል ወይ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፤ ባሕሩ ከቀረበት ቆይቷል። ሞተሩን ሳያስነሣ፣ መሪውን ይዞ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠ። ግሌንዳ በወጥ ቤቱ መስኮት አየችው። መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል ብላ ፈራች፤ ቢሄድም አትፈርድበትም። ሁለቱን እጆቿን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ከትታ፣ የታጠበውን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበች።

ሲመለስ ከቆቡ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ሻይ ለመጣድ ውኃ ሞላና ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።

«ገና ንዴቴን አልጨረስኩም» አለ።

«አትጨርስ።»

«ጋሪ ውስጥ የምታዪው ለዚህ ነበር?»

«የምን ጋሪ?»

«የሕፃን ጋሪ። ገበያ ውስጥ፣ አውቶቡስ ፌርማታ፣ የትም። አንድ ጋሪ አያመልጥሽም፤ አንገትሽን አስግገሽ ታያለሽ። አላውቅም መሰለሽ?» ዘወር አለ። «ለኛ የምትመኚ መስሎኝ እኮ ነው። ያን ቀን ወንበር ላይ የወጣሁት ለዛ ነው።»

ግሌንዳ ያያታል ብላ አስባ አታውቅም። እሷ ራሷ እንኳ ማየቷን የምታውቀው ግማሽ ልቧ ብቻ ነበር።

«እሱን ነበር የምፈልገው» አለች። «ባየው እለየዋለሁ እያልኩ።»

ዴሪክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አጠፈ፤ ይቆጥራል።

«ግሌን» አላት። ድምፁ ቁጣም አልነበረበትም፣ ቀልድም። «ጋሪ ውስጥ የለም እኮ። ሃምሳ አልፎታል። ሽበታም ሆኗል።»

ግሌንዳ ልደቱን ሳትቆጥር ያለፈችው ዓመት የለም፤ የምትቆጥርለት ግን ሁልጊዜ ያው በነጭ ብርድ ልብስ የተጠቀለለው ሕፃን ነበር። አላደገም፣ ጥርስ አላወጣም፣ ክንዷ ላይ ባለበት ቀረ። አሁን ዴሪክ በአንድ ቃል ሕፃኑን ከክንዷ ላይ ወሰደባትና በምትኩ አንድ የማታውቀውን ጎልማሳ መንገድ ላይ አቆመላት። ጉልበቱን ያመው ይሆናል። መነጽር ያደርግ ይሆናል። በሩን ሊያንኳኳ የሚችል እግርና እጅ ያለው ሰው ነው። ያን ሁሉ ዘመን አጠገቧ ቢያልፍ አታየውም ነበር፤ ዓይኗ ዝቅ ብሎ ጋሪ ውስጥ ነበራ!

«መላጣ ነው የሚሆነው» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አባቴ በሠላሳ ዓመቱ ነው የተመለጠው።»

ዴሪክ እርጥቡን ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በቃ» አለ። «መላጣ ሰው ነው የምንፈልገው።»